የባዶ ጉልበት

ቫልፓራይሶ ላይ፣ ከወደቡ በላይ፣
ቆርቆሮ ቤት ሁሉ ከገደል ተንጠልጣይ፣
አባቴ ኒባልዶ አርባ ዓመት ሙሉ
የጋዝ ሲሊንደር ጭኖ ሲወርድ በቁልቁሉ፣
በብረት ቁራጭ እየመታ አንዱን፣
«ጋዝ መጣ» እያለ ሲቀሰቅስ መንደሩን፣
መኪናው ሼቭሮሌት፣ የስድሳ ሁለት ሥሪት፣
ፍሬኑ የእግር ሥራ፣ የጭን ነው፣ የጅማት።

ምንም አጋዥ የለው።
ፔዳሉ ደንጊያ ነው።
ጀርባውን ለወንበር፣ ጥርሱን ለጥርስ ሰጥቶ
ሲረግጥ ነው የሚቆም፣ ያውም ብዙ ቆይቶ።
«መኪና ከነጂው እግር ጋር ካልመከረ፣
ጉድጓዱን፣ ጠጠሩን ለጫማ ካልነገረ፣
ነጂው ሰው አይደለም፣ ጭነት ነው የታሰረ።»

ዘንድሮ በሰኔ፣ ዝናብ በጣለበት፣
የቀኝ ጉልበቱ ከዳው በቁልቁለት።
አልተጋጨም፣ የለም። ከዳቦ ቤቱ ደጅ
ጠርዙ ነው ያቆመው፣ እግሩ አይደለም እንጅ።
ማታ ላይ ቁጭ ብሎ፣ በረዶ በፎጣ
አስሮ መስኮት ሲያይ፣ ቃል ካፉ ሳይወጣ፣
«ጉልበትህ አለቀ» ልለው ብዬ ተውኩት፤
ስለቱ ሁለት ነው፣ ባንዱም አልነካሁት።

ስለዚህ ቅዳሜ ኪልፑዌ ሄጄ
ከተሰበረ ቫን ሰርቮ አወጣሁ በእጄ፤
ጥቁር፣ ክብ፣ ድብልብል፣ የከበሮ አቻ፤
በአውቶቡስ ሲመጣ ወንበሩ ጉልበቴ ብቻ።

ኮፈኑን ከፈትኩት።
አሮጌዋን ፖምፓ ፈትቼ አነሣኋት።
አንድ ክፍል ብቻ ናት፤ አንድ ቱቦ ቢፈስ
ለአራቱም ጎማዎች ፍሬን የማይደርስ።
ባለሁለት ክፍሏን ከሰርቮው ጋር አሰርኩ፤
ቆርቆሮውን ለክቼ አራት ቀዳዳ ሰረሰርኩ።
ፔዳሉ ላይ ደግሞ ዘንጉ የሚያዝበትን
ዝቅ አደረግኩለት አዲስ ቀዳዳውን፤
እንዲህ ካልሆነማ፣ ላባ እንኳ ቢነካው
ይነክሳል ፍሬኑ፣ ይሉኝታም የለው።
ከሞተሩ እስትንፋስ ቱቦ ሳብኩ፣ ወፍራም፤
ቫልቩ አንድ ወገን ነው፣ የወጣ አይመለስም።

አየር ስናወጣ እሱ ፔዳል ላይ ነው፣
እኔ ከሥር ሆኜ፦ «ርገጥ... ያዝ... ልቀቀው።»
በግራ እግሩ ሲረግጥ አየሁ፣ አላወራሁ፤
የፍሬኑን ዘይት ከክርኔ ጠረግሁ።

«ውስጡ ምን አለበት?»
«ባዶ።»
«ምን ማለት ነው ባዶ?»
«ምንም የለበትም፤ ሞተር ጠጥቶታል።
እግርህ ሲነካው በር ለአየር ይከፈታል፤
ባዶ ቤት ያየ አየር ግር ብሎ ይገባል፣
ሲገባም ዘንጉን ላንተ ይገፋልሃል።»
«ባዶ ያግዘኛል?» አለ፣ ምራቁን ዋጠ።
ከጎኑ፣ የእናቴ ወንበር ላይ፣ ጓንቱን አስቀመጠ።

ፈተናው እንዲህ ነው፦ ሞተር ሳይነሣ
ረግጠህ ረግጠህ፣ ያለው አቅም እስኪሳሳ፤
ከዚያ እግርህን ሳትለቅ ቁልፉን ታዞራለህ።
ፔዳሉ ካልወረደ ሥራህን ትፈታለህ።

አዞረ።
ሞተሩ ሳለ፣ ሳለና ተነሣ፤
ፔዳሉም ከእግሩ ሥር፣ እንደ ተኛ እንስሳ
ትንፋሽ እንደ ማውጣት፣ ጣት ያህል ዝቅ አለ።
አባቴ ጫማውን እንደ ሌላ ሰው ጫማ አስተዋለ።

ሃያ ሲሊንደር ጭነን ቁልቁለቱን ያዝን።
ከዳቦ ቤቱ ደጅ፣ እንደ አርባ ዓመት ልማድ፣
ጀርባውን ለወንበር፣ ጥርሱን ለጥርስ ሰጥቶ
ረገጠ።
መኪናው እንደ ተጠራ ልጅ ባለበት ቆመ፤
ኮፍያው በረረና መስተዋቱን ሳመ።
ሃያው ሲሊንደር አብሮ ጮኸ፣ ተደወለ፤
በየመስኮቱ ራስ ብቅ ብቅ አለ፤
ዶኛ ኤልሲራ በነጠላ ጫማ
ገንዘብ ይዛ ወጣች፣ ድምፁን ስትሰማ።

አባቴ አልሳቀም። አርባ ዓመት ያዳበረው
ያ ሁሉ ጉልበቱ መውደቂያ አጣ፣ ምን ያርገው?
«ቀስ» አልኩት፣ «በጣትህ።»
ሞከረ። ታዘዘው። ደግሞ ሞከረ፣
እንቁላል ላይ እንደሚሄድ ሰው እየጠረጠረ።
ለዶኛ ኤልሲራም አንድ ጋዝ ሸጥንላት፤
መልስ አልነበረንም፣ ለነገ አልናት።

ማታ ደጃችን ላይ መኪናውን አቆመ።
የእጅ ፍሬን ሳበ፣ ማርሽ አስገባ፣ ወረደ፤
ያቺን የድሮ ደንጊያ፣ ዘይት የጠገበችውን፣
ከጎማው ሥር ገፋ አድርጎ አስጠጋት፣
እኔን ሳያየኝ፣
በቀኝ እግሩ።