የማይቀዘቅዝ አልጋ

እሱ ሌት ዘበኛ፣ እኔ ቀን ልብስ ተኳሽ፤
የደረጃ ላይ ቃል፦ «ቁልፉ ይኸው፤ በላሽ?»
ፈርዋኒያ ነው፣ ኩዌት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣
አንዱ እንደ ለቀቀው አንዱ ተተክቶበት፣
አልጋችን አያውቅም ቅዝቃዜ ገብቶበት።

ይህንን አንድ ንጋት በስልኩ አዜመው፤
የኬረላው ሳጂ በጊታር አጀበው፤
«ካውንትሪ ነው» አለ ስልቱን ሲሰይመው።

ከዚያማ ማን ይያዘው።
ታክሲ ውስጥ ሰማሁት፣ ጥርስ ሐኪም ጋ ሰማሁት፤
የማኒላ ልጆች በከበሮ ሞቅ አደረጉት፤
ዓረብኛው ሲወጣ አልጋውን ጨረቃ አሉት።
ሙሉሰው ሳቀ፦
«ታጣፊ ጨረቃ የት አየሽ?»

ከዝናው ለኛ የደረሰን
አንድ ኤሲ ነው፤ ያውም ያገለገለ፣
ሲነሣ የሚያስል፣ ሲጠፋ ያቃሰተ።

ሙሽራዋ ቆማ፣ ቀሚሷን ስተኩስላት
በስልኳ ከፈተችው፤ እንባዋ መጣባት።
«እንዲህም ይፋቀራል ሰው?»
እንፋሎቱ በመካከላችን ነበር። ዝም አልኳት።

ግጥሙ ለሁሉ ገጠመ፤
እኛ የምንገጥመው ዓርብ ነው።

ዓርብ፣ ሁለታችንም ቤት፤
ታጣፊዋ አልጋ ለሁለት አልበቃ ብላ፣
ክርኑ ጎኔን እየወጋኝ፣
ብርድ ልብሱ ወደሱ ሲያደላ፣
«ሙሌ» አልኩት፣
«ይህንንስ ለምን አልዘፈንከው?»

በእንቅልፍ አፉ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ፦
«ተይው፤
ይሄኛው አይሻገርም።»