ሰባ አንድ ደረጃ

ቤታችን ኮረብታ ላይ ነበር፣ ከቫልፓራይሶ ወደብ በላይ፣
በቢጫ ቆርቆሮ የተለበጠ፣ መርከብ በመስኮቱ የሚታይ።
ሰባ አንድ ደረጃ ነበረው፣ ከመንገድ እስከ ደጃፉ፤
ማንም አላስተማረኝም፤ ቆጠርኩት እግሮች ሲያልፉ።

አባቴ ክሬን ነበር የሚነዳ። ማታ ከወደብ ሲመለስ
የልቡን እግሩ ነው የሚነግረኝ፣ በሩ ጋ ገና ሳይደርስ፦
እኩል እኩል ከረገጠ፣ ቁልፉን በጣቱ ካሽከረከረ፣
ዛሬ ደህና ነው እላለሁ፤ ሌሊቱ በሰላም አደረ።
አሥራ ሦስተኛው ላይ ቆሞ ግድግዳ ከተደገፈ፣
ካሳለው፣ ለራሱ ካወራ፣ አንዱን ረግጦ አንዱን ካለፈ፣
ያኔ የቀረኝ ጊዜ
ሃምሳ ስምንት ደረጃ ነው።
ወንድሜን አልጋ ሥር፣
ሬዲዮውን ዝም፣
ቢላዋውን ዱቄት ጆንያ ውስጥ፣
የእናቴን ሳቅ ከፊቷ ላይ፣
ሁሉን ሰብስቤ እደብቃለሁ፣
ሰባ አንድ ከመሙላቱ በፊት።

ስድስት ዓመቴ ነበር።
ፊደል ሳልቆጥር እርምጃ ቆጠርኩ።
እሱ ግን፣ እግሩን ዕድሜዬን ሙሉ ስቆጥርለት፣
እኔን ከሰው አልቆጠረኝም።

ዛሬ አርባ አራት ሞልቶኛል።
እሱ ከተቀበረ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤
መቃብሩ ሜዳ ላይ ነው፣ ደረጃ የለውም፤
ጆሮዬ ግን መርዶውን አልሰማም።

አንድ ሌሊት ምድር ተንቀጠቀጠች።
ቁም ሣጥኑ በግንባሩ ተደፋ፣ መብራት ጠፋ፣
ዶና ኤርሚንዳ በሌሊት ልብሷ መንገድ ወጥታ
የምታውቃቸውን ቅዱሳን በየስማቸው ተጣራች።
እኔ ጋዙን ዘጋሁ። ለልጄ ጫማ አደረግሁለት፤
ማሰሪያውን ሁለቴ ቋጠርኩ። እጄ ዝንፍ አላለም።
«ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ!» አሉኝ ሲነጋ።
የልብ ጉዳይ አይደለም፤
ምድር ስትቆጣ ቢያንስ
ስሜን አትጠራም።

ሐሙስ ግን፣ ጉምሩክ ቢሮ፣
ባልደረባዬ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጣል ቢያደርገው፣
ሃያ ደቂቃ መጸዳጃ ቤት ውስጥ
የቧንቧውን ጠብታ ስቆጥር ቆየሁ።

አብሮኝ የኖረ ሰው ነበር፤ ደግ ሰው፣ ዳቦ ጋጋሪ።
«ተቆጣህ?» «ኧረ አልተቆጣሁም።»
«ተቆጣህ እንዴ?» «አልተቆጣሁም አልኩሽ።»
በሺኛው ጊዜ ተቆጣ።
«አላልኩም?» አለ ውስጤ፣
ደስ እንዳለው ሁሉ።

ዶክተር ፉዌንሳሊዳ በመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ
ጭንቅላት ሣለችልኝ፣ ድንች የመሰለ፤
መኻሉ ላይ የለውዝ ፍሬ የምታህል ነጥብ።
«ይቺ ዘበኛ ናት፤ አደጋ ስታሸት ትጮኻለች።
የአንቺዋ በልጅነቷ የሌሊት ተረኛ ሆና ገባች፤
የሚተካት አልመጣም።
ግንባርሽ ጋ ደግሞ ዳኛ አለ፣
‹ተይ፣ ቁልፍ ነው፣ ቁልፍ ብቻ› የሚላት፤
እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚያድግ፣ ጸጥታ ይፈልጋል።»
ጸጥታ።
እኛ ቤት ጸጥታ ማለት
አሥራ ሦስተኛው ደረጃ ነበር።
«ጡረታ የላትም ወይ?» ብዬ ቀለድኩ።
አልሳቀችም፤ ጻፈችው።

ልጄ ባውቲስታ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።
አሁን የምንኖረው ሌላ ኮረብታ ላይ፤ ሠላሳ ስምንት ደረጃ።
ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ነበር የሚመጣው፤
ዘንድሮ ግን ከታች፣ ከመጀመሪያው ላይ ቆሞ ይጮኻል፦
«እማ፣ እኔ ነኝ! ብቻዬን ነኝ! ደህና ነኝ!»
ማንም አላስተማረውም።

ትናንት ወርጄ ታች ጠበቅሁት።
ደንገጥ አለ። ፊቴን አነበበው፣
እኔ እግር እንዳነበብኩት።
ከዚያ እጄን ያዘ፤ ዓሣ ገበያ ስላየው
አንድ እግር ስለጎደለው ሸርጣን እያወራኝ ወጣን።
መንገድ ላይ ቆሞ ጣቶቹን እንደ መቆንጠጫ ከፍቶ አሳየኝ፤ ሳቅሁ።
ቁጥሩ ጠፋኝ፤ አሥራ ሦስትን እንኳ ሳላውቀው አለፍኩ።

ደጃፉ ላይ ቁልፌን ሳወጣ፣
ዘበኛዋ ከኋላዬ፣ በጣም ቀስ ብላ፣
«ሠላሳ ስምንት» አለች።