አምስተኛው

ደብረ ብርሃን፣ ዕጣ ሳወጣ፣ ራቤል ደረሰኝ፤
ጓደኛዬ ሳቀ፣ እናቴ «የመንዝ ብርድ ነው፣ ደርብ» አለችኝ።

ዘበኛው ሽታዬ ቁልፉን ሰጠኝ፣ በሲባጎ አስሮ፤
«አምስተኛው ፋርማሲስት ነህ» አለ፣ በጣቱ ቆጥሮ።
«ሰው ሲጠፋ፣ ካርቶኑን በቀለም ነበር የምለየው፤
ቀዩን ግን ለማንም አልሰጠሁ፣ ስለምፈራው።»

ወይዘሮ አሰገደች ክኒኑን ይዘው፦ «በቀን ሦስቴ? የትኛው ሦስቴ?
ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይገባ ካንጀቴ።»
ይህን ማንም አላስተማረኝ።
ፖስታው ላይ ማለዳ ኮከብ ሣልኩ፣ ማታ ጨረቃ ሣልኩ፣
መሐሉን ባዶ ተውኩ፤
ሐኪሙ ዘንድ ሮጬ ሁለቴ የሚዋጥ አስለወጥኩ።

የፈረምኩት ሁለት ዓመት ነው። ሦስት ወር ሲቀረው
ሽታዬ አዲስ ሲባጎ አመጣ፤
«አሮጌው ሳስቷል» ብቻ ነው ያለው።

ደርቤ ቋጠርሁት።
ቆሞ አየው።