ነጭ በነጭ ላይ

ቫርዶ ላይ ፀሐይቱ ኅዳር ላይ ከሄደች
እስከ ጥር አትመጣም፤ ባሕር ገብታ ቀረች።
እኩለ ቀን ሲሆን፣ ለአንድ ሰዓት ያህል
ሰማዩ ይገረጣል፣ የዓሣ ሆድ ይመስል።
ከዚያ መልሶ ጨለማ።

የእኔ ገበያ ያኔ ነው። ሰው በር ዘግቶ ሲውል
ግድግዳውን ያያል፤ ያየውን ይጠላል።
ቶርዲስ ጠራችኝና፣ "ነጭ ቀባልኝ" አለች፤
"ጣራውን፣ መቃኑን... በሩንም" ጨመረች።
ሦስት እጅ ቀባሁላት፣ በረዶን አስንቄ፤
ሒሳቤን ወሰድኩኝ፣ እጄን ተለቃልቄ።

ባሏን ያወቅኩት ኋላ ነው።
ሆኮን ይባላል፤ ጀልባ ቀቢ ነበር፣
አርባ ዓመት የኖረ የጀልባ ሆድ ሥር።
ዛሬ ዓይኑ ደክሟል። ጨርሶ አልታወረም፤
ጥላ ያያል፣ ጠርዝ ያያል፤ መልክ ግን አይለይም።

የረሳሁትን ብሩሽ ልወስድ ብመለስ
አገኘሁት፣ ግድግዳ በመዳፉ ሲዳስስ፤
ነጩ በር በነጩ ግድግዳ ሟሙቶ
በገዛ ቤቱ ቆሟል፣ መውጫ አጥቶ።
ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወተት፣ በነጭ ኩባያ፣
ግማሹ ፈሷል።
ቶርዲስ ጨርቅ ይዛ ትጠርጋለች፣ ቀና ሳትል።
ከጣራው መሐል አምፖሉ ዓይን ይወጋል።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩኝ።
"ተው" አለ፤ "ነጭ እኮ ክፉ ቀለም አይደለም፤
ለብቻው ሲቀር ግን አንዳች አይናገርም።
ጀልባ ቀይ የምንቀባው ለውበት መስሎሃል?
ባሕሩ ግራጫ ነው፤ ቀይ ከግራጫ ይለያል።
ሲመሽ ግን ቀይ ቀድሞ ይሞታል፣ እወቀው፤
ሰማያዊ ነው ከሁሉ ኋላ የሚያመሸው።"

እንደገና ጀመርን። እሱ ሲያዝ፣ እኔ ስቀባ፤
"ምን ያህል ይጥቆር?" ስለው፣
"በሩ ራሱ እስኪጠራኝ!"
መቃኑን ድፍን ሰማያዊ፣ እጀታውን ብርቱካን፣
የደረጃውን ጫፍ ቢጫ፤ አንድም ጠርዝ ሳይቀረን።
ቡናማ ኩባያ ለወተት። ነጩ ለሻይ።
አምፖሉን ከጣራ አውርደን፣ ከመደርደሪያው ሥር
ደበቅነው፣ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ እንዲያድር።
"ብርሃን ጨዋ ከሆነ" አለ፣ "ዓይን ላይ አያፈጥም፤
በጎን ገብቶ ይቀመጣል፣ ልታይ ልታይ አይልም።"
ቶርዲስ በሩ ላይ ቆማ ታያለች፤
መጽሔት ላይ የወደደችው ቤት
ጥግ በጥግ ሲጠፋባት።

ጥር ላይ ፀሐይቱ በመስኮት ብቅ አለች፤
ያሳመርን የመሰለንን አንድ በአንድ አጋለጠች።
ቢጫው ከብርቱካኑ፣ ሰማያዊው ከሁሉ ይጣላል፤
ቶርዲስ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፦
"አቤት ሲያስጠላ! የሰርከስ ድንኳን ይመስላል!"

ሆኮን ፊቱን ወደ ሙቀቱ አዞረ።
"ማስጠላቱን እኔ አላየውም" አለ፤
"በሩን ግን አየዋለሁ።"
ኮቱን አነሣና ወጣ፣
ግድግዳ ሳይነካ።