የጉሎው አተላ

ቡሬ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አጥር ለአጥር ጉሎ በቅሎ፣
ከብት የማይቀምሰው ፍሬ፣ እሾህ ለብሶ፣ ተንጠልጥሎ፣
ናፍጣ የጠፋበት ዓመት፣ አጎቴ አንማው ለቀመና፣
ጨመቀው፣ አፈላው፣ አጠራው፤ ሞተሩ አስነጠሰና
ዞረ።

ግን ከበርሜሉ ሥር ሁልጊዜ፣ አንድ ነገር ይቀር ነበር፤
ቡናማ፣ ወፍራም፣ የሚያጣብቅ፣ እጅ ከያዘ የማይምር።
«ግሊሰሪን ነው ያልጠራ» አሉን፤ በኛ ቋንቋ ግን አተላ፤
ከቦይ ደፋነው። ጣፋጭ ኖሯል፤ ቦዩ በጉንዳን ተሞላ።
ጎረቤት ጮኸ፤ ቀበሌ መጣ፤ ተቀጣን ሦስት መቶ ብር፤
አንማው ከፈለ፣ ሳቀ፤ «አተላም አለው ለካ ግብር!»

በጥር ይታይሽ መጣች፣ ልጁ፣ ከባሕር ዳር ትምህርቷ፣
ቀይ የተቀባ መስታወት እንደ ጨቅላ ታቅፋ በደረቷ።
«ምንድን ነው ቀዩ?» ስላት፣ «ዝገት» አለችኝ፣ «ደግ ዝገት።»
ዝገትና ደግነት! እኔ የማውቀው ማረሻ ሲበላ፣ ሲበላ ብረት።
«ይኸኛው ብርሃን ነው የሚበላ» ብላ ወጣች ከጣሪያ፣
ሽቦ፣ የኒኬል ቁራጭ፣ አንድ ጠርሙስ አተላ በጆንያ፣
መዳፍ የምታህል የሶላር ሰሌዳም፤ «ለድጋፍ ያህል፤
ዝገት ብቻውን ሰነፍ ነው፤ ትንሽ ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል።»

ፀሐይ አረፈችበት።
ምንም።
አንማው ከታች ሆኖ፣ «ፈላ?» አለ፣ እንደ ሽሮ።
ከዚያ በኒኬሉ ጠርዝ፣ ከጤፍ ያነሰች
አንዲት አረፋ፤
ሌላ፤
ከዚያ ቆጠራው ጠፋን።

«ይሄ ሃይድሮጅን ነው» አለች። «ወዲያ ማዶ ግን፣ በዝገቱ፣
አተላው ይቆራረሳል፤ ሦስት ካርቦን ነው ሰውነቱ።
ብርሃኑ ሲመታው ዝገቱ አንድ ኤሌክትሮን ያመልጠዋል፤
ያመለጠው ቦታ ባዶ ነው፤ ባዶው ደግሞ ይርበዋል፤
ከአተላው ቆርሶ ይጎርሳል።»
እኔ ከስምንተኛ ያቋረጥሁ፣ ከዚህ ሁሉ የገባኝ ረሃቡ ነበር።
ረሃብን ማስረዳት አያስፈልግም።

ተቆርሶ የሚቀረውስ? «አሲድ፤ የጉንዳን አሲድ ይሉታል፤
ጉንዳን ሲናደድ ከሆዱ የሚረጨው፣ የሚያቃጥል።»
ዝም አልሁ። ያ ሰልፍ ትዝ አለኝ፣ ከቦያችን ዳር የከተመው፤
ጉንዳኑ ሳይማር፣ ሳይመረቅ፣ ቀድሞን ኖሯል የመረመረው።

ጠብታዋን ለማን እንስጣት? ከፈታም ዳር ጋሽ ይርሳው አለ፣
ቆዳ አልፊ፤ ሠርግ ሲጠራ ዋንጫው ለብቻው የተንጠለጠለ፤
አገር በሙያው የሚሰድበው፣ ጫማውን ግን ከሱ የሚገዛ።
አሸተተ፤ በጥፍሩ ጫፍ ቀመሰ፤
ከቀለም ጋር አዋህዶ የበግ ቆዳ ለወሰ።
በሦስተኛው ቀን ወንዝ ወርዶ አጠበው፤ አሸው፤ ደግሞ አሸው፤
ቀለሙ አልለቅም አለ።
ቀና ብሎ ይታይሽን አያት።
«ይሄን አተላ ያለው ሰው» አለ፣
«እኔንም ሲጠራኝ ሰምቼዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ተአምር የለም። ክረምቱ ገባ፤
የጎጃም ሐምሌ ፀሐይን በብድር እንኳ አይሰጥም።
የቀኑ ምርት ማንኪያ አይሞላም፤ ይታይሽ በደብተሯ
ትደምራለች፣ ትቀንሳለች፤ መቀነሱ ይበዛል ከመደመሯ።
ግማሹ አተላ ዛሬም ቦይ ይወርዳል፤ አልዋሽም።

ግን ትናንት ዝናቡ ሲያባራ፣ ከጎተራው ሥር አየኋት፣
የአባቷን አሮጌ ማረሻ ጭኗ ላይ አጋድማ፣
በቢላ ጀርባ ቀስ እያለች ዝገቱን ስትፈቀፍቅ፣
ቀዩን ዱቄት በወረቀት እንደ መድኃኒት ስትቋጥር።
አንማው አይቶ አለፈ።
ማታ በሯ ላይ
ሁለተኛ ማረሻ ተደግፎ አገኘሁ።