ላብ ለሌለው

ከጥብርያዶስ በላይ፣ ከኢላቡን ዳገት፣
ሐምሌ ድንጋይ ሲጠብስ፣ ወይራው ሲያንቀላፋ፣
የበረሃው ንፋስ እንደ ምድጃ አፍ ሲነፋ፣
እኔ አሳማ አበርዳለሁ።
እንጀራዬ ይህ ነው።

ለእናቴ ግን «ዶሮ ቤት» ብያታለሁ።
ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ዶሮ ቤት።
«አንድ እንቁላል እንኳ አታመጣም?» ትለኛለች አንዳንድ ዕለት።

ባለቤቱ ጁርየስ፣ የመጀመሪያው ቀን፣ ገና ቦቲ ሳላጠልቅ፣
«ይህ ፍጥረት» አለኝ፣ «ላብ የለውም፤ ይህን እወቅ።
አፉን ከፍቶ ካለከለከ፣ ጎኑ እንደ ወናፍ ከተሳበ፣
ዘግይተሃል፤ ሞት ቀረበ።»

ላብ የለውም!
የሰው ልጅ ከገነት ወጥቶ በላብህ ኑር ሲባል፣
እሱ የት ጥላ ሥር ተኝቶ ኖሯል?
ፍርዱ ሳይደርሰው አልፎት፣ እንዲሁ በነጻነት፣
ይኸው የሱንም አፈሳለሁ፣ ከራሴ ላብ ጋር ባንድነት።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ነው።
ቀለቡን በንጋትና በምሽት፤
ቀትር ላይ የበላ ሆድ በገዛ እሳቱ ይነዳል።
ጥቁሩን መረብ ዘርጋለት፤ ጆሮው ስስ ነው፣
ፀሐይ እንደ ሽንኩርት ትልጠዋለች።
ቧንቧው ሲጠበስ ውሏልና የፊተኛው ውሃ ሻይ ነው፣ አፍስሰው፤
እጅህ ሲወደው ያን ጊዜ ስጠው።
በረዶ ውሃ ግን ድንገት አትድፋበት፣ ልቡ ይቆማል።
ከትከሻው ጀምር፣ ከማጅራቱ፣ ጠብ፣ ጠብ፣
ከዚያ ተወው፤ የቀረውን ንፋሱ ይጨርሰው።
ጭቃ ካገኘም አትከልክለው።
እኛ እድፍ የምንለው
ለሱ ነጠላው ነው፣ ስስ፣ የረጠበ።

ዐርብ ከቀትር በኋላ መብራት ጠፋ።
አሥራ ሁለቱ ማራገቢያ እየዛለ፣ እየደከመ፣
ወጉ እንደጠፋበት ሽማግሌ መሐል ላይ ቆመ።
ጋጣው ዝም አለ። ከዚያ እሪታው ቀለጠ።
(እሪያ መባሉ ከዚህ ይሆን? እሪ! ቆርቆሮው ተናወጠ።)

ልትወልድ ሦስት ቀን የቀራት አንዲት አለች፣
«እሜቴ» እላታለሁ፣ ስትነሣ እንደ ባላባት ናት፤
ተዘርራለች፣ አረፋ በአፏ፣ ዐይኗ የትም የለበት።

ጁርየስ የጄኔሬተሩን ገመድ ይጎትታል፣ ይራገማል በዓረብኛ።
ከዳገቱ ጫፍ ባሕሩ ይታያል፤ እንደ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል።
«ከዚያ ማዶ» አለኝ፣ እጁ ግሪስ፣ «አያቶቼ ሲተርኩ፣
ሁለት ሺህ እሪያ ከገደል ተወርውሮ ባሕር ሰጥሟል።
አጋንንት ነው አሉ።
እኔ ሃያ ዓመት አርብቻለሁ፣
ሙቀት ነው እላለሁ።»
ገመዱን ሳበ። እምቢ አለ።

ሸሚዜን አወለቅሁ፣ ለሰንበት ብዬ የለበስኩትን፣
ነክሬ አንገቷ ላይ ጣልኩት፣
መዳፌን ጎኗ ላይ።
አያቴ፣ ጎንደር ሳሉ «አትንኩኝ» የሚሏቸው፣
የባዕድ እጅ ካገኛቸው ወንዝ ገብተው የሚነጹ፣
ጀምበር እስክትጠልቅ ከደጅ የሚቆሙ፣
ይህን ባዩ!
እጄን አላነሣሁም።
ከቆዳዋ ሥር የሚጋልበው ልብ
ሶምሶማ ሆነ፣ ከዚያ እርምጃ።
ጆሮዋን አርገበገበች፤ ውሃው ፊቴ ላይ ተረጨ፣
አፌም ገባ።
ዋጥኩት።

ቤት ስደርስ ሰንበት ሊገባ ጥቂት ቀርቶታል።
ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፣ በሳሙና፣ በሎሚ፣ ደግሞ በሳሙና።
እናቴ በረንዳው ላይ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ፣
«ዶሮዎቹ እንዴት ዋሉ?»
«ሙቀቱ በረታባቸው።»
«ውሃ ሰጠሃቸው?»
«ሰጠኋቸው።»
ባሕሩን አየች፣ ቆየች። ፊቷን ሳታዞር፣
«ዶሮ እንዲህ አይሸትም፣ ሙጬ» አለች፣
ሳፋውንም በእግሯ ገፋ አድርጋ
ወደኔ አስጠጋችው።