የጠረጴዛው አጭር እግር

ከሽምብጥ ኋላ፣ ጣና በሚሸትበት ቅያስ፣
የእትዬ አንጓች በር አለ፣ ሲከፈት የሚያለቅስ።
ሠላሳ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ድርና ማግ ስታዋድድ ኖራ፣
ጡረታ ከወጣች ወዲህ እኛን ትሸምናለች፣ ተራ በተራ።
እሑድ ሲመሽ አልጋዋን ወደ ጓሮ ታወጣለች፣
«ዝናብ ቢመጣስ?» ስንላት፣
«ቶሎ ትጸልያላችኋ!» ትላለች።

አሥራ አንድ ነን።
ምናለ፣ እጁን በሎሚ አሽቶም ቆሮሶ ቆሮሶ የሚሸት፣
የባጃጅ ሾፌሩ ሚስት ውድነሽ፣ ከነልጇ፣
አንድ የድሮ ወታደር፣ መዝሙር አውጥቶ ዜማው ከመሐል የሚጠፋበት፣
ከፖሊ ተማሪዎች፣
እና እኔ፣ ዳቦ ማን በተራው እንደሚያመጣ በደብተር የምጽፈው።

መድረክ የለንም። ወይናችን ከርከዴ ነው።
ዳቦው ከማዞሪያው ሱቅ፣ አንዳንዴ የትናንት።
የጎረቤት ሕፃን እንዳይነቃ ሃሌሉያን በሹክሹክታ እንላለን፤
ሹክሹክታ እንዲህ ይከብዳል ብሎ ማን አሰበ፣
እግዜርን በድምፅ ማጉያ ስናደነቁረው ለኖርን።

ያኔ አዳራሽ ነበረን፣ ካስፋልቱ ዳር፣
ሦስት መቶ ወንበር፣ ከፊት ደግሞ ባለክንድ አራት
ለአራቱ ሽማግሎች።
ደቀ መዛሙርቱ «ማን ይበልጣል?» ብለው በመንገድ ተከራከሩ፤
እኛ አልተከራከርንም፣ ተካሰስን።
ቁልፍ ተቀየረ፣ ቁልፍ ተሰበረ፣
ቃለ ጉባኤው ከመዝሙር ደብተሩ ወፈረ።
መልሱ ግን ድሮም ከስሙ ላይ ነበር፦
ሰብሳቢያችን ጋሽ ይበልጣል፣
ማኅተሙን በደረት ኪሱ የሚያሳድር።

በክረምት አንድ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣
ነፋስ የእንቦጩን ሽታ ከሐይቁ ጠርጎ አምጥቶ፣
በሩ አለቀሰ።
ጋሽ ይበልጣል። ጃንጥላ የለው፣ አጃቢ የለው፣
ከኮቱ ውኃ እየተንጠባጠበ፣ የት እንደሚቀመጥ ግራ የገባው።
ብድግ ልንል ቃጣን (ልማድ ነው፣ ጉልበት አይረሳም)፣
እትዬ አንጓች «ተቀመጡ» አለችን።
ለእርሱ የተገለበጠ ጀሪካን ሰጠችው፣ ሻማም፦
«ያዝ፣ ልጅቱ ታንብብ።»
ልጅቱ እየተደናቀፈች ዮሐንስ አሥራ ሦስትን አነበበች፣
ውኃ በመታጠቢያ፣ ማበሻ ጨርቅ፣ የሰው እግር።
ሰሙ ጣቱ ላይ ሲፈስ አየሁ፣ እጁን አላነሣም።
ወርቁን ያኔ አላየሁም።

ሲያበቃ ከኪሱ አወጣው፣ በፌስታል የተጠቀለለ፣
«ይሄን የት ላድርገው?» አለ።
ማንም አልመለሰ።
እትዬ አንጓች ጎንበስ አለች። ከርከዴው ሁሌ የሚፈስባት ጠረጴዛ
አንድ እግሯ አጭር ነው፤
ማኅተሙን ከሥሩ ሰካችው፣ በመዳፏ ነቀነቀች፣
«በቃ፣ ቀጥ አለች።»
ሳቅን። ይበልጣልም ሳቀ፣ ዘግይቶ።

እዚህ ላይ ባቆም ያምር ነበር።

ግን ባለፈው እሑድ ከርከዴው ፈሰሰ፣
ነጩ ጨርቅ ላይ ቀይ ሐይቅ ሆኖ ተንጣለለ።
ጎንበስ ብለን አየን። ከእግሯ ሥር ባዶ።
ማንም ምንም አላለም። አሥር ጥንድ ዐይን ግን
ወደ ጀሪካኑ ዞረ።
«እኔ እሆንን?» ያለ የለም።
ጋሽ ይበልጣል አንገቱን ደፋ፣ ሊከላከል አልሞከረ።
«ወረቀት ስጡኝ» አለች እትዬ አንጓች፣
ከደብተሬ ቀድጄ ሰጠኋት፤
አራት ቦታ አጥፋ ወሸቀችው። ጸሎት ቀጠለ።

አሁን ሌሊት ነው። ጣና አይታይም፣ ይሰማል እንጂ።
የስም ዝርዝሩን ከፍቼ ተቀምጫለሁ።
ከስሞቹ ግርጌ፦ ክብ፣ ሰማያዊ፣ ገና ያልደረቀ።
እንዴት ያምራል።
ማን ይበልጣል?
ጣቴን ቀለም ነክቶታል፣
ውኃው ከበሬ መቶ እርምጃ አይሞላም፣
እስካሁን ግን አልተነሣሁም።